ድንኳኑ የቆመበት

ድንኳኑ ተነሣ ማክሰኞ ማለዳ፤
ወንበሩን በቁጥር ተረክቦ ሄደ የእድሩ በዳዳ።
"ሁለቱ ተሰብሯል" ብሎ ከደብተሩ ጥግ ጻፈና፣
"አይዞሽ" አለኝ ደግሞ፣ በሩ ላይ ቆመና።

እኔ ግን የማየው መሬቱን ነበረ፤
በአራት ማዕዘን ልክ ሣሩ ገርጥቶ ቀረ።
የካስማው ቀዳዳ አሥራ ስድስት ቦታ፣
የወንበር እግር ፋና፣ የንፍሮ ብትንታ፣
ከሌሊት ተጫዋች እጅ ያመለጠች ካርታ፣
ጤዛ አጣብቋት፣ ፊቷን አፈር ላይ ደፍታ።
ከጓሮ በኩል ደግሞ ድስት የተጣደበት፣
የጉልቻው ክብ አለ፣ እስከ ሥሩ ያረረበት።

በእርምጃ ለካና ወንድሜ ረጋሳ፣
"ሴራሚክ ይነጠፍ" አለ፤ "ይሄ ሣር ላይነሣ፣
ውሃ ነው የሚበላ፤ አባዬም የለ፤ ይረሳ።"

አባቴ ወርዶፋ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ወንጂ አገዳ ያጠጣ፣ በየቦይ መሐሉ፣
ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ሸልመውት፣
"ለእኔስ ውሃ ነበር መስጠት" ይል ነበር ሲያጫውት።
ይቺን የአዳማ አፈር፣ አመድ የመሰለች፣
ነፋስ በጠራት ቁጥር አብራ የኮበለለች፣
በሰርዶ ነው የጠቀማት እንደ አሮጌ ጋቢ፤
ራሱ ዘበኛዋ፣ ራሱ መጋቢ።
ማንም አይረግጣትም። እንግዳ ሲመጣ፣
በድንጋይ ድንጋዩ ዘሎ ነው የሚወጣ።
"ሣሩን!" ነው ከበረንዳው፣ ያቺው አንዲት ቃል፤
ቡቺ እንኳን በዳር በኩል ዞሮ ማለፍ ያውቃል።

የሞተ ዕለት ግን ቀበሌው በሙሉ በጫማ ረገጣት፤
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ አንድ ቃል ሳይወጣት።

"እኔ ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል" ያለች፣
ያቺ የተረት አህያ በላተኛ ነበረች።
አጠጪ ግን ሌላ ነው። አባቴ በመጨረሻው፣
ያለኝ ይህን ብቻ፦ "ረቡዕ ሌሊት ነው ፈረቃው፤
እንዳያመልጥሽ።"

ስለዚህ ረቡዕ ሌሊት፣ በጥቁር ቀሚሴ፣
ቧንቧው ሲያንኮራፋ ነቃሁኝ በራሴ፤
የደደረችውን ምድር እየወጋሁ በመንሽ፣
አልኳት፦ "ተንፍሺ ትንሽ።"

ሁንዴ ባለጋሪው ሦስት ኬሻ አራገፈ፤
የፈረሱ ፋንድያ፣ ዓመት ከርሞ ሽታው ያለፈ።
ኪሴን እየዳበስኩ ሒሳቡን ብጠይቅ፣
"ጋሼ ከፍለውኛል፣ በጥር፣ ሳይታመሙ" አለ ሳይስቅ።

በወንፊት ነፋሁት፤ ከአዋሽ አሸዋ ጋር ደባልቄ በተንኩ፤
የካስማውን ጉድጓድ አንድ በአንድ ደፈንኩ፤
አሥራ አምስቱን ብቻ።
አንዷን ጉንዳን ቀድሞኝ ቤት አድርጓት ነበር፤ ተውኩ።
ከአጥሩ ሥር ሰርዶ ነቅዬ፣ በአንጓው ቆራርጬ፣
በስንዝር በስንዝር ተከልኩት፣ ከመሬት ተቀምጬ።

ሌሊት ውሃ። ቀን ነፋስ። ሳምንት አለፈ፣ ምንም።
ረጋሳ ደወለልኝ፤ አላነሣሁለትም።
አሥራ አንደኛው ቀን ላይ፣ አረንጓዴ መርፌ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት…
ቆጠርኩ ተደፍቼ፣ አፈር እስኪገባ በአፌ።

ጉልቻው ያረፈበት እሱ ብቻ እምቢ አለ፤
ሦስት ጊዜ ተከልኩ፣ ሦስት ጊዜ ከሰለ።
ሰዉ የበላበት ነው፤ ይሁን፣ ይቅር አልኩት፤
አንድ በርጩማ አምጥቼ እላዩ አኖርኩት።

ትናንት የጎረቤት ልጆች፣ ነቢል እና ኬና፣
ኳሳቸው በአጥሩ ላይ ዘላ ገባችና፣
ተከትለው ገቡ በሩጫ በሩጫ።
"ሣሩን!" የሚል ድምፅ፣ ጉሮሮዬን መውጫ
አድርጎ ወጣ፤
የአባቴ ድምፅ፣ ልክ እሱ፣ ሳሉ እንኳ ሳይቀር።
ልጆቹ ደንግጠው አፈገፈጉ ወደ በር።
ቡቺ ጆሮ አቆመ። በረንዳውን ዞር ብለን አየን፤
ፀሐይ ተቀምጣበት ወንበሩን አገኘን።

"ኑ" አልኳቸው ቆይቼ፣ "አትፍሩ፣ አትራቁ፤
ግቡ።
ጫማ ግን አውልቁ።"